ምድር ቤት ለመለመን ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ

ከቄስና ከሐጂ ጋር ለሰው ጉዳይ ቢሮ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ ሄጄ አላውቅም ነበር።

ንጋት፣ ቂርቆስ

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሜ መምሬ ታደለ ከኪዳን ጸሎት እስኪወጡ እጠብቃለሁ። ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ትኩስ ፓስቲ፣ ጭቃ። የእድራችን ሰብሳቢ ሐጂ ሱሩር ከዘራቸውን ይዘው ቀድመውኝ መጥተዋል።

ጉዳዩን ላስረዳ። የጎረቤታችን የእትዬ አልጋነሽ የቀበሌ ቤት ሊፈርስ ነው። ከከተማው ዳር ምትክ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ደርሷቸዋል፤ አራተኛ ፎቅ። እትዬ አልጋነሽ ከአልጋቸው ወርደው በሩ ጋ የሚደርሱት ግድግዳ ይዘው ነው። ሊፍት የለም። አንዴ ከወጡ የሚወርዱት በእድሩ ቃሬዛ ነው። ምድር ቤት ይቀየርልኝ ብለው ቢጠይቁ ዕጣ ዕጣ ነው ተባሉ። መምሬ ለድሀ መስበክ ብቻውን አይበቃም፣ እንሂድ አሉ፤ ሐጂም ተስማሙ። እኔን የመረጡኝ ማመልከቻ ስለምጽፍ ነው። ማመልከቻውን እስካሁን ማንም አላነበበውም።

ለገሃር፣ ታክሲ ውስጥ

ሹፌሩ በመስታወት አየን። «አባቶች፣ የማንን ልጅ ልትጠይቁ ነው?»

«ቤት ነው የምንጠይቀው» አሉ ሐጂ። «ልጅማ ይሻላል፤ አባት አለው።»

ረፋድ፣ ካዛንቺስ

ግማሹ የፈረሰ ግንብ፣ አዲስ ሆቴል፣ አቧራ። የቤቶች ጉዳይ ቢሮው ኮሪደር ላይ የተሰለፈው ሁሉ የመምሬን መስቀል ሊሳለም መጣና ሰልፉ ተበተነ። ኃላፊው ክራባት ያሰረ ወጣት ነው፤ ተነስቶ ተሳለመ፣ የሐጂን እጅ ጨበጠ፣ ሦስት ወንበር አቀረበልን። እኔ ተቀመጥኩ። ሐጂ በከዘራቸው ጫማዬን ነካ አደረጉኝ። ተነሳሁ።

ለማያውቅ ላስረዳ፦ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲሄድ ቃሉ ሳይሰማለት አይቀመጥም። እነ መምሬ ያንን ደንብ ወደ ቤቶች ጉዳይ አምጥተውታል። ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ ነውር ነውና ኃላፊውም ቆመ። የጎን ጠረጴዛዋ ጸሐፊም ቆመች። ሥራ የሚሠራ አልነበረም። መምሬ ጉዳዩን ለኃላፊው ነገሩት።

«አባቶቼ፣ ምድር ቤት የደረሰው ሰው ካልፈቀደ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?»

«እንግዲያው እሱን እስክታገኝልን እንጠብቃለን» አሉ መምሬ።

«ተቀምጠው ይጠብቁ።»

«ቆመን ነው፣ ልጄ።»

ኮሪደሩ ያጉረመርማል። በመጨረሻ ከሰልፉ አንድ ዳቦ ጋጋሪ በሩ ላይ መጣ። «ማለቴ፣ እኔ ምድር ቤት ነው የደረሰኝ። ሚስቴም ሌባ ትፈራለች። በቃ፣ እንቀያየርና ሰልፉ ይሂድ።»

ኃላፊው የሁለቱንም የቅያሪ ወረቀት ሲፈርም መምሬ ተቀመጡ። ለማስነሳት ሁለት ሰው አስፈለገን።

ከቀትር በኋላ፣ ቂርቆስ

ለእትዬ አልጋነሽ ነገርናቸው። «በራሴ እግር ደጅ እወጣለሁ ማለት ነው» አሉ፤ ወዲያው ግን «እዚያ ሩቅ አገር ማን ይጠይቀኛል?» ብለው አዘኑ። ሐጂ እድሩ አይፈርስም፣ በየወሩ እንመጣለን አሏቸው። መምሬ ጉልበታቸውን እያሹ፣ በታክሲ ከሆነ እሺ አሉ።

እናንተም ሞክሩት። ደረጃ የማይወጣ ጎረቤት አይጠፋም። የየእምነታችሁን አባቶች ይዛችሁ ስለ እሱ ሂዱ፤ ወንበር ሲቀርብላችሁ ቶሎ አትቀመጡ።