ዝም ያሰኘሁት ሞተር

ከቦንጋ የወጣሁ ለት አባዬ በሰው ፊት አሳፍሮኝ ነበር። ገና ሳይነጋ፣ ያ የኛ አገር ካፊያ እየወረደ፣ በሚኒባሱ ወደ መናኸሪያ ሲወስደኝ መንገድ ዳር ቆመና በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ገዛ። ገዝቶ ዝም ብሎ አይቀዳ! ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ፣ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ፣ እፍ አለበት፣ ቆሞ ጠበቀ። ንጹህ ቤንዚን በኖ ይጠፋል። ላምባ ከተቀላቀለበት ግን ቅባት ይተዋል። አብራኝ የተመረቀች ልጅ በባጃጅ ስታልፍ አየችንና ሳቀች።

«አባዬ በቃ! አውቶቡሱ ሊሄድብኝ ነው!»

«ትደርሻለሽ። ሞተር የሚታመመው ከሆዱ ነው፤ መጀመሪያ ምን እንደበላ ጠይቂ።»

ስሜን ትዕግስት ያለው እሱ ነው፤ ምን አስቦ እንደሆነ አላውቅም። በመካኒካል ተመርቄ እሱ ሚኒባሱን ነድቶ ከሺሺንዳ እስኪመለስ ቤት ቁጭ ማለት አቃተኝና ነው ወደ ናይሮቢ የተነሳሁት። ሞያሌ ላይ ኬላ ያለው ሰውዬ ወረቀቴን ገለበጠው፣ እንደገና ገለበጠው።

«ሥራሽ?»

«የሞተር መሐንዲስ።»

እጄን አየ። «ታዲያ ጥፍርሽ ለምን ንጹህ ሆነ?»

«ሥራ ስላላገኘሁ።»

ሳቀና አሳለፈኝ። እኔ አልሳቅኩም።

ናይሮቢ የተቀበለኝ ጋሽ ታደሰ ነው፣ የአባዬ የልጅነት ጓደኛ። እዚህ ጋራዥ ከፍቶ ዓመታት ተቀምጧል። ከአውቶቡስ ስወርድ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ፤ ለካ እዚህም ጠዋት ይበርዳል፣ ግን የኛ ዓይነት እርጥብ ብርድ አይደለም፣ አቧራ ያለው ብርድ ነው። ኡጋሊ የሚሉትን አበላኝ። ገንፎ ነው ብዬ መሀሉ ላይ ቅቤውን ስፈልግ አስተናጋጁ ምን ጠፋባት ብሎ ጠየቀ። በሚያቃጥለው ቆጭቆጫችን ቢሆን ኖሮ እበላው ነበር። ከዚያ ቤት ፍለጋ ወሰደኝ። አከራይዋ ማማ ንጄሪ በሩ ላይ ቆመው ስንት ሰው እንደሚያድር ጠየቁ።

«እኔ ብቻ» አልኩ።

«ሀበሻ ብቻውን አያድርም። ማታ ለአንዲት ልጅ አከራያለሁ፣ ጠዋት በሩ ላይ የሠርግ ቤት ያህል ጫማ ተደርድሮ አገኛለሁ።»

ጋሽ ታደሰ «እኔ አለሁላት» አለ። ቁልፉን የሰጡኝ ለሱ ብለው ነው እንጂ ለኔ ብለው አይደለም። የሥራ ፈቃድ የለኝም፤ በጋራዡ የሰጠኝ ሥራም ቤቱም «እኔ አለሁላት» የምትለው ቃል ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ከስዋሂሊ መጀመሪያ ያነበብኩት ጋራዡ ጓሮ ካሉት ጄሪካኖች ላይ «ማፉታ ያ ታ» የሚል ነው፤ ላምባ ማለት ነው። ለምድጃ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት አስተማሪ መጣች፣ ዋምቡዪ ትባላለች። ቱርቦ መኪና አላት፣ ከወንድሟ የተረፈላት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ለማየት ዳገቱን ትወጣበታለች። «ስረግጠው ያንኳኳል» አለች። አብሬያት ወጣሁ። እውነትም፣ ልክ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናጥ። ቱርቦ አየሩን አጭቆ ነው የሚያስገባው፤ ቤንዚኑ ደካማ ከሆነ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት ራሱ ይፈነዳና ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይመታዋል።

ስንመለስ የታንኩን ክዳን ከፍቼ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ጠብ አድርጌ መዳፌ ላይ አሸሁት። ቅባት!

«ከየት ነው የቀዳሽው?»

«ከእናንተው ነዋ! ከጓሮ። ከማደያው ይረክሳል።»

ላምባ የሞሉት ጄሪካኖች ትዝ አሉኝ፤ ጋሽ ታደሰን አየሁት። እሱ እሷን እያየ፣ ፈገግ እያለ፣ በአማርኛ «ትዕግስት፣ አንቺ የተማርሽው ኮምፒውተሩን ነው። መኪናዋን ዝም አሰኚያትና ትሂድ» አለኝ። ዋምቡዪ ስለሷ ጥሩ ነገር የተባለ መስሏት እሷም ፈገግ አለች።

መድኃኒቱ ጠፍቶኝ አይደለም። ታንኩን አራግፎ ንጹህ ቤንዚን መሙላት ነበር፣ በቃ። እኔ ግን ላፕቶፑን ሰካሁና እሳቱ የሚመጣበትን ሰዓት ወደ ኋላ አዘገየሁት፤ ደጋግሜ፣ ማንኳኳቱ እስኪጠፋ። እሳት ሲዘገይ ሞተሩ ጸጥ ይላል፣ ጉልበቱም ይሄዳል። ሙቀቱ ግን ወደ ጭስ ማውጫው ይሸሽና ቱርቦውን ይጠብሰዋል። ረጅም ዳገት ላይ ደግሞ እንኳን ቱርቦው፣ ሞተሩም ይቃጠላል።

«አሳንቴ ሳና፣ ዳዳ!» ብላ፣ በጣም አመሰግናለሁ እህቴ ማለቷ ነው፣ አቀፈችኝ። አቮካዶ ሰጠችኝ። ስልኬን «ፉንዲ» ብላ መዘገበችው፣ ባለሙያ ማለት ነው፤ የሷንም ሰጠችኝ። እጄ ላምባ ላምባ እየሸተተ አቀፍኳት። አቮካዶውን አልበላሁትም፤ መስኮቱ ላይ እየጠቆረ ነው።

በማግስቱ አርብ ማታ አባዬ ደወለ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ይሰማኛል፣ የቦንጋ ዝናብ፤ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ አዳመጥኩት።

«ታደሰ ነገረኝ! የፈረንጅ ቱርቦ ዝም አሰኘች አለኝ። መናኸሪያ ያልነገርኩት ሰው የለም። እስቲ እንዴት አደረግሽው?»

«እሳቱን ትንሽ ወደ ኋላ መለስኩት።»

«እ…» አለ። ሹፌር ነው፣ ገብቶታል። «ቤንዚኑን አሸተትሽው?»

አቮካዶውን ወደ መስኮቱ ጥግ ገፋሁት። ዝናቡ ብቻ ይወርዳል።

«ትዕግስት፣ አሸተትሽው ወይ?»

«አሽትቻለሁ፣ አባዬ።»

ድምጹን ዝቅ አደረገ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሴትዮዋ ነገ ዳገት ትወጣለች?»

«ትወጣለች።» ከዚያ አፌ አልዘጋ አለ፦ «ቤንዚኑ የጋሽ ታደሰ ነው። ብናገር የት እገባለሁ? ቤቱም በሱ ነው፣ ሁሉም በሱ ነው!»

«ታደሰና እኔ በአንድ ጋቢ ነው ያደግነው» አለ። ድምጹ ያረጀ መሰለኝ። «አሁን ምን ልበልሽ? ቤትሽ አለ። መናኸሪያውን እኔ እችለዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋ፣ ወይ ካርዱ አለቀ። መናኸሪያ ቆሞ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው፣ «ልጄ ተመለሰች» ሲል ታየኝ።

ልብሶቼን ሻንጣ ውስጥ ከተትኳቸው። ከዚያ ለዋምቡዪ ደወልኩላት።

«ፉንዲ!» አለች፣ በደስታ።

እንግሊዝኛው ከነዲግሪው ጠፋብኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ አንድ የስዋሂሊ ቃል ብቻ ነው።

«ማፉታ ያ ታ» አልኳት። «ዋምቡዪ፣ ማፉታ ያ ታ። ነገ አትሂጂ።»

«የጓሮው ቤንዚን?» አለች። «አዎ» አልኩና ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ የጋሽ ታደሰን ጃኬት ከመስቀያው አወረድኩት። ሻንጣው ውስጥ ልክተተው ወይስ ልመልስለት፣ አላውቅም።