አማላጅና ፈራጅ በእኛ ሳሎን

ለእኔ ሽማግሌ ሆነው ዲላ ቤታችን የመጡት ሦስት ሰዎች ስለ እኔ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ተመለሱ። ስለ ማን አወሩ? ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ። በእሱ መቀደም ክብር ነው፤ ግን የዚያን ቀን ሽማግሌ የላከው እሱ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ በወጣትነቱ ከጎጃም ወርዶ ዲላ ላይ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ የከፈተ፣ ጾም የማያዛንፍ ኦርቶዶክስ ነው። እኔ የምወደው ሰው ደግሞ የወናጎ ልጅ፣ ጌዴኦ፣ የሂሳብ አስተማሪ፣ በዚያ ላይ (አባዬ የበሽታ ስም እንደሚጠራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደሚለው) ጴንጤ ነው። ለዓመታት ተደባብቀን ተዋደድን። ዲላ ላይ ተደብቆ መዋደድ ማለት ሁሉም እያወቀ ማንም አለማውራቱ ነው። በመጨረሻ "ሽማግሌ እልካለሁ" አለኝ። "አባዬ ካልመረቀኝ አላገባህም" አልኩት። የምሬን ነበር፤ አባዬ ያለው ልጅ እኔ ብቻ ነኝ።

ከሽማግሌዎቹ አንደኛው አጎቱ ናቸው። የጌዴኦ አባቶች ተሰብስበው ነገር በሚያዩበት በሶንጎ ሰው ሲያስታርቁ የሸበቱ ሰው። ሁለተኛው ወንጌላዊ ነው፤ ወናጎ ላይ ሆኖ ያለ ማይክ ቢሰብክ ገደብ ከተማ ድረስ የሚሰማ። ሦስተኛው የልጁ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሲሆን ዳቦ ከመብላት በቀር የሠራው ሥራ ትዝ አይለኝም።

ሽማግሌ ወግ አለው። ገብቶ ዘጭ አይልም። "ኧረ ተቀመጡ" ሲባል "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" ይላል። ቆሞ ይጠይቃል፣ ቀጠሮ ሲሰጠው ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ይህን የማያውቅ የለም። አባዬም ያውቃል። ስለዚህ እጃቸውን ጨብጦ እንኳ ሳይጨርስ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ለመሆኑ በእናንተ ዘንድ ጌታችን አማላጅ ነው ፈራጅ?"

በቃ! ወንጌላዊው "አማላጅ ነው እንጂ!" አለና ሶፋው ላይ ተቀመጠ። እሱ ሲቀመጥ አጎትየውም ግራ ገብቷቸው ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩማ ዳቦው ፊት ለፊት ቦታ ይዟል።

እኔ ከጓዳ በር ሆኜ እሰማለሁ። ከድንግል መወለዱን ሁሉም ያምናሉ። ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው መሆኑን ያምናሉ። ስለ እኛ ተሰቀለ፣ ሞተ፣ ተነሣ፣ ዐረገ፣ ተመልሶ ይመጣል፤ አሜን፣ አሜን። ጠባቸው ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ጌታ አሁን ምን እየሠራ ነው በሚለው ላይ ነው። ወንጌላዊው፦ በአብ ቀኝ ሆኖ ስለ እኛ ይማልዳል፣ ከእሱ በቀር ሌላ አማላጅ የለም ይላል። አባዬ ደግሞ፦ ልመናው በሥጋው ወራት ተፈጸመ፣ አሁን በዙፋኑ ተቀምጧል፣ እሱ ይፈርዳል፣ የሚያማልዱት ቅዱሳን ናቸው ይላል። አንዱ የሰማንያ አሐዱን፣ ሌላው የስድሳ ስድስቱን መጽሐፍ ቅዱስ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይገላልጣል። ጌታ ወደ ምድር ለምን መጣ? ማንን ፈልጎ መጣ? ይህን የጠየቀ የለም። የፈለጉት የሥራ ድርሻውን ነው፤ ጌታን እንደ ቀበሌ ሠራተኛ!

ሲመሽ እየተሳሳቁ ተነሡ። ከወናጎ ያመጡትን አንድ ጆንያ አቮካዶ አስረከቡን፣ "ይቀጥላል" ተባባሉ፣ ሄዱ። እማዬ "ምን ብለው ጠየቁህ?" አለችው።

"ማን? ማንም ምንም አልጠየቀኝም" አለ አባዬ፣ ፊቱ እንደ አራስ ልጅ ንጹህ ሆኖ።

ለልጁ ደወልኩለት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "በጣም ጥሩ ውይይት ነበር አሉኝ።" ውይይት! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእነሱ ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

በሁለተኛው እሁድ አባዬ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ጎኑ አስቀምጦ ጠበቃቸው። ወንጌላዊውም ጥቅሶቹን ሁሉ በቢጫ ቀለም አስምሮ መጣ። እንደገና ቁጭ! አባዬ እኮ ጭራሽ እሁድ እስኪደርስ ይናፍቅ ጀምሯል። ለሰዎቹ ድፎ አስደፋ፤ በልደቴ ቀን እንኳ ድፎ አስደፍቶልኝ አያውቅም። እማዬን "ሆን ብሎ ነው እኮ፤ ካልተጠየቀ እምቢ ማለት አይጠበቅበትም" አልኳት። እሷም "ዝም በይ፣ እምቢ ማለት ስለፈራ ነው" አለችኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም።

በሦስተኛው እሁድ ሻይ ይዤ ስገባ ወንጌላዊው ጣቱን ቀስሮ፣ አባዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እዚያው ላይ ናቸው። አማላጅ! ፈራጅ! ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ቢባል እነዚህ በርበሬው ከየት ተፈጠረ ብለው ይጨቃጨቃሉ። የሻይ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረግኩት።

"አባዬ" አልኩ፣ "ፈራጁ እሱ ነው ካልክ ወንበሩን ለምን አትተውለትም? በእኔ ላይ አንተን ማን አስቀመጠህ? እናንተም አባቶቼ፣ ከእሱ በቀር አማላጅ የለም ካላችሁ ምን ልትሆኑ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ መጣችሁ? እሺ መጣችሁ፤ ስለ እኔ የለመነ ማነው?"

እማዬ ከጓዳ "በስመ አብ!" ስትል ሰማሁ። ርዕሰ መምህሩ ማኘኩን አቆመ። አባዬ ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ተቆጥቶ ከቤት ቢያስወጣኝ የት እንደምሄድ አላሰብኩም ነበር።

አባዬ መነጽሩን አወለቀ። "እኔ ስሞትስ?" አለ። "እኔ ስሞት ማን ይለምንልኛል? ሌላ ልጅ የለኝም። ተዝካሬን ማን ያወጣል? ስሜን በቅዳሴ ማን ያስጠራል? እነዚህ እኮ ለሞተ ሰው አይጸልዩም። አንቺ ከሄድሽ እዚያ በፈራጁ ፊት ስቆም ብቻዬን ነኝ።"

ወንጌላዊው መልስ ነበረው፤ ደረቱ ሲነፋ አየሁ። አጎትየው እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳርፈው ጫን አደረጉት። በሦስት እሁድ የተሠራ የመጀመሪያው ሽምግልና ያ ነበር።

ያን ሁሉ እሁድ በጥቅስ ሲዋጋ የከረመው ሰውዬ ለካ የፈራው የገዛ ፍርዱን ነው።

"እኔ እለምንልሃለሁ" አልኩት። "ተዝካርህን አወጣለሁ፣ ስምህን አስጠራለሁ። እኔን የሚያገባ ይህን አብሮ ያገባል፤ ካልፈለገ ወናጎ ሩቅ አይደለም፣ ይመለስ።"

አባዬ ወደ አጎትየው ዞረ። አጎትየው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ "ለአባቱ የማይለምን ልጅ እኛም ጋ ልጅ አይባልም" አሉ። ወንጌላዊው ጣሪያውን ያይ ነበር። ሥነ መለኮቱ እስከ ዛሬ አልተፈታም፤ እኔም አልጠይቅም።

አባዬ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። መነጽሩን መልሶ አጠለቀና አንድ በአንድ አያቸው።

"ታዲያ" አለ፣ "ሦስት እሁድ ሙሉ ድፎዬን ስትበሉ ልጄን የጠየቀኝ ሰው አለ? ምን ዓይነት ሽማግሌዎች ናችሁ?"

ሦስቱም ብድግ ብለው ቆሙ፤ ርዕሰ መምህሩ ዳቦውን በእጁ እንደያዘ።