የቂብላው ምስማር

ቀለም ቀቢ ነኝ። ከሮቢት እስከ ዋጃ ባለው አስፋልት ዳር ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ካየህ፣ የኔ እጅ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ሁለት ዓመት ተቀምጬ አስተማሪው "አንተስ ከወንበሩ ጋር ተጋባህ" ሲለኝ ትቼው ወጣሁ። ግን ገመድ ሳልወጥር በዓይኔ ብቻ አሰምራለሁ፤ አንድ ኢንጂነር በሜትሩ ለክቶ አፉን ይዟል። ይህን የማወራው ጉራዬን ለመንዛት ነው፤ አልዋሽም። ግን ያው ዓይኔ አንድ ቀን ሁለት ግድግዳ መለየት አቅቶት ጉድ ሠርቶኛልና እሱንም ላውራው።

ባጃጅ ወደኛ አገር በገባ ሰሞን ነው። አንድ ጤና ጣቢያ፣ የቱ እንደሆነ ይቅር፣ ግቢው ውስጥ ለአስታማሚ የሚሆን ክፍል ነበረው። የድንጋይ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ በሩ በምዕራብ በኩል። በሽተኛ ያመጣ ሰው እዚያ ምንጣፉን ዘርግቶ ያድራል፣ ቆሎውን ይቆረጥማል፣ ይጸልያል። ማዕዘኑ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ምስማር ተመትቷል። በምሥራቁ ግድግዳ የማርያም ሥዕል ተሰቅላለች። በሰሜኑ ደግሞ ሙስሊሞቹ ሙስበሃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን ማለት ነው፣ ያንጠለጥሉበታል። ክርስቲያኑ ወደ ምሥራቅ ቆሞ ይጸልያል፤ መካ ከኛ አገር በሰሜን በኩል ነውና ሙስሊሙ ወደዚያ፣ ወደ ቂብላው፣ ይሰግዳል። አንዷ ማዕዘን ለሁለቱም ትበቃ ነበር። አንዱ ሲሰግድ ሌላው እግሩን ሰብሰብ ያደርጋል፣ በቃ። ደንብ ብሎ የጻፈው ሰው የለም።

ኃላፊው ጠራኝና "ይህ የመንግሥት ቤት ነው፤ የማንም ሃይማኖት ምልክት አይሰቀልበትም ተብሏል። ሁሉንም ነቅለህ ቀባው" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ሲያዘኝ አንገቱ ላይ ያለችውን ማተብ በጣቱ ይነካካ ነበር።

ማክሰኞ በጠዋት ገባሁ። ሥዕሏን ሳወርድ ባሏን የምታስታምም አንዲት የዋጃ እናት ከእጄ ነጥቃ በነጠላዋ ጠቀለለቻት።

"አንተ! ማርያምን ነቅለህ ልትከብር ነው?"

"እማማ፣ እኔ የነቀልኩት ምስማር ነው። እሷማ ይኸው እርስዎ ጉያ ገባች።"

"ምላስህን በነቀሉልኝ!"

ቤቱ ሳቀ። ያልሳቁት ጥጉ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ከቆላው የመጡ ዓይነ ስውር ሰው ናቸው። ልጃቸው ወባ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶባት ራሷን ስታ በሰው ሸክም የመጣችው ሰኞ ነው። ከወለዷቸው የቀረቻቸው እሷ ብቻ ነች፤ የዱላቸውን ጫፍ ይዛ የምትመራቸውም እሷው። የተሸከሟት ጎረቤቶች ከብት ጥለው ስለመጡ የዚያኑ ቀን ተመልሰዋል። አንድ ሙስሊም አስታማሚ ሰኞ ማታ እጃቸውን ይዞ የሰሜኑን ምስማር አስነክቷቸው "አባባ፣ ቂብላዎ ይኸ ነው" ብሏቸው ነበር። እሱም በሽተኛው ተሻለውና ማክሰኞ በጠዋት ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ሙስሊም እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሁለቱንም ቀዳዳ በጄሶ ደፍኜ እስከ ቀትር ግድግዳውን ሁሉ አረንጓዴ አደረግሁት። እንዴት እንዳማረ! ማዕዘኑ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ያን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ አዛን ተሰማ። አባባ ተነስተው በእጃቸው ግድግዳውን ይዳብሱ ጀመር። መዳፋቸው አረንጓዴ ሆነ።

"ልጄ፣ ምስማሯ የታለች?"

አሳዘኑኝ። ኃላፊው ምሳ ወጥቷል፤ አንዲት ባዶ ምስማር ደግሞ የማንም ሃይማኖት አይደለችም ብዬ ኪሴ ውስጥ የነበረችውን አንዷን መታሁላቸው። ግን የቱ ላይ? ባጃጁ ውጭ ጥሩምባውን እየነፋ ይጠብቀኛል፣ ግድግዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የዋጃዋን እናት ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስለ ግድግዳ ሰው ጠይቄ አላውቅም። መታሁና እጃቸውን ወስጄ አስነካኋቸው።

ዳበሷት። ፊታቸውን ወደ በሩ ድምፅ መለስ አደረጉ።

"በሩ ትናንት በግራዬ የነበረ መሰለኝ። አሁን ከኋላዬ ነው እንዴ?"

"አባባ፣ ቤት ቀለም ሲቀባ እኮ ዕቃው ሁሉ ይዞራል! በሩም ደስ ብሎት ዞሮ ይሆናል።"

ፈገግ አሉ። "እሺ፣ አንተ ካልክ" ብለው ምንጣፋቸውን አነጠፉ። እኔ እየሳቅሁ ባጃጅ ላይ ወጣሁ።

ሐሙስ የመስኮቱን ፍሬም ልጨርስ ተመለስኩ። አባባ የዙህርን፣ የቀትሩን ማለት ነው፣ ሶላት እየሰገዱ ነበር። የዋጃዋ እናት በክንዴ ጎትታ ወደ በሩ አወጣችኝና በጆሮዬ፦

"አየሃቸው? ወደኛዋ ዞረዋል እኮ።"

"ወደ ማን?"

"ወደ ማርያም ነዋ! ማክሰኞ ቀን ጀምረው ወደ ምሥራቅ ነው የሚሰግዱት። ሥዕሏ ባትኖርም ቦታዋን አውቀውታል። ስለ ልጃቸው ተስለው ነው እንጂ። እኛም ዝም አልናቸው፤ ስለት ይጠየቃል እንዴ?"

መጀመሪያ ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መልሼ ዘጋሁት። ወደ ውስጥ አየሁ። በሩ ከኋላቸው። ፊታቸው ምሥራቅ። ምስማሯ የኔ።

የሷን ስህተት ሌላ አገር ያለ ሰው ላይገባው ይችላል። ወሎ ውስጥ ሙስሊም ለማርያም መሳሉ፣ ክርስቲያንም ዱዓ ላይ አሜን ማለቱ አዲስ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት አስታማሚ ሴቶች አይተው ዝም ያሉት ከክብር ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ተጠንቅቀው፣ ድምፅ ቀንሰው፣ ቦታ ለቀውላቸው።

"እማማ፣ ስለት አይደለም። ምስማሯን ያለ ቦታዋ የመታሁት እኔ ነኝ።"

ፊቷ ጨርቅ መሰለ። ዘወር ብላ አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን።

"እንዳትናገር።"

"እንዴት አልናገር?"

"ትናንት ልጅቷ ዓይኗን ገልጣለች! ውሃ በማንኪያ ውጣለች! ማርያም ሰምታ ይሆናል፣ አላህም ሰምቶ ይሆናል፤ አንተ ምን አገባህ? አሁን ነግረሃቸው ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን በአንገትህ ነው።"

እውነቷን ነው ብዬ ቡሩሼን አነሳሁ። መስኮቱን መቀባት ጀመርኩ። እጄ መስመር አልወጣ አለ። አባባ ሶላታቸውን ጨርሰው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ስለ ልጃቸው ሲለምኑ እሰማለሁ። የሚለምኑት እኔ በቀልድ ያዞርኳቸው ቦታ ላይ ሆነው ነው። ስለት ቢሆን የራሳቸው ነበር። ይህ ግን የኔ ቀልድ ነው፤ እሳቸው አልመረጡትም። ቡሩሹን የቀለሙ ቆርቆሮ ላይ ጣልኩና ሄጄ ተንበረከክሁ።

"አባባ፣ ቀለም ቀቢው ነኝ።"

"ድምፅህን አውቀዋለሁ።"

"ምስማሯን ያለ ቦታዋ መትቻታለሁ። ይህ ምሥራቅ ነው።"

ሙስበሃቸው ጣታቸው ላይ ቆመ።

"በሩ በግራዬ ነበር ብዬህ ነበር።"

"ብለውኝ ነበር።"

"ቀለድክብኝ።"

"ቀለድኩብዎ፣ አባባ።"

ቢሰድቡኝ፣ በዱላቸው ቢሉኝ እወድ ነበር። እሳቸው ግን ሶላታቸውን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። የማክሰኞ ዙህር፣ አስር፣ መግሪብ፣ ኢሻ። ረቡዕ አምስት። ዛሬ ሱብሂና ዙህር።

"አሥራ አንድ" አሉ። "ሳላውቅ የሆነውን አላህ ይምረኛል። አሁን ግን ነገርከኝ። ልጄ በሞትና በሕይወት መሃል ሆና እኔ ይምረኛል ብዬ ተኝቼ አልውልም። ውሃ ካለ ስጡኝ፤ እሰግዳቸዋለሁ።"

እኔ ልነሳ ስል የዋጃዋ እናት ቀድማ ጆግ አመጣች። እያለቀሰች ነበር፤ እኔን በዓይኗ ትበላኛለች፣ በእጇ ደግሞ ቀስ አድርጋ ውሃ ታፈስላቸዋለች። አባባ እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ እግራቸውን ታጠቡ።

"አንተ፣ ና አዙረኝ።"

ትከሻቸውን ያዝኩ። አጥንት ብቻ ነው። እንደ ሕፃን ወደ ሰሜን አዞርኳቸው።

"ከፊቴ አትቁም፤ ከጎኔ ሁን። ስነሳ ከጠመምኩ መልሰኝ። አደራ፣ አታውራ።"

እኔ ነኝ እንግዲህ! ተኝቼ እንኳ የማወራ ሰው። ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉ ዳር ቆምኩ። ከስግደት ሲነሱ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ካሉ በጣቴ ትከሻቸውን ነካ አደርጋለሁ፣ ይስተካከላሉ። አንዷን በጨረሱ ቁጥር እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ስም ይጠራሉ። ሴቶቹ ከጥጋቸው ሆነው "አሜን" ይላሉ። እኔም አልኩ። ሦስተኛው ላይ እግሬ ደነዘዘ። አምስተኛው ላይ ኃላፊው በበሩ ብቅ አለ፤ ምስማሯን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ሄደ።

ሰባተኛውን እየሰገዱ ነርሷ መጣች። ደፍ ላይ ቆማ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። የዋጃዋ እናት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ማንም አልጮኸም፤ ሶላት ላይ ናቸዋ። አባባ ወደ ቀኝ ሰላም አሉ፣ ወደ ግራ ሰላም አሉ። ከዚያ እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ገታ አደረጉ። አሜን የሚሉት ሴቶች ዝምታ ተሰምቷቸዋል መሰለኝ።

"ከልጄ ዘንድ ሰው መጣ እንዴ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ሄደችብኝ?"

ትከሻቸውን ያዝኩ።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። ደጋገሙት። ቆይተው፦ "ስንት ሰገድኩ?"

"ሰባት።"

"ሰባቱንም በወጉ?"

"በወጉ፣ አባባ።"

"አልሐምዱሊላህ። ሳትሄድ ሰባት ደርሶላታል።"

በዚያው ቀን በአይሱዙ ወደ ቆላው ወሰድናት። የዋጃዋ እናት ባሏን ለሰው አደራ ብላ እስከ መኪናው ሸኘች። ዛሬም ድረስ በአንገቴ ነው ብላ ታስብ እንደሆነ አላውቅም። እኔም አንዳንድ ቀን አስባለሁ።

ጀንበር ሳትጠልቅ ተቀበረች። የመንደሩ ሰው ሁሉ ሙስሊም ነው፤ ሕፃኑ ሳይቀር ቂብላውን ያውቃል። ለቀስተኛው መሃል ተቀምጠው አባባ "ቀለም ቀቢው ሄደ እንዴ?" ብለው ጠየቁ። አለሁ አልኩ። "አራት ቀርቶኛል" አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሰዎቹ ግራ ተጋብተው ያዩኛል። ተነስቼ ትከሻቸውን ያዝኩ፣ ተራራውን አየሁ፣ ጀንበሯ የት እንዳለች አየሁ፣ አጠገቤ ያለውን ሰውዬ ደግሞ "ሰሜን በየት ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።