ከመሠረቱ የራሱ የሆነ መስኮት

ሉጥፊ በድሩ በሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ፣ ከሰሊጥ ነጋዴዎቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ስልክ ይጠግናል። ጊዜ ሲተርፈው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይጽፋል። አባቱ በመተማ በኩል ተሻግረው መጥተው፣ “ለከርሞ እንገባለን” እያሉ እዚሁ ያለፉ ሰው ነበሩ። ልጁ የአባቱን አገር ጎንደርን አይናፍቅም፤ አይቶት አያውቅም። የሚናፍቀው ከመሠረቱ በገዛ እጁ የተሠራ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ላይ የምናያቸው መስኮቶች፣ አዝራሮችና የጽሑፍ ሣጥኖች ላይብረሪ ከሚሉት አስቀድሞ የተዘጋጀ ኮድ ይመጣሉ። ሉጥፊ ሲጠቀምበት የኖረው ላይብረሪ የውጭ ሰዎች በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ለብዙ ዓመታት ያከማቹት ነው። እሱ ደግሞ የሚጽፈው ረስት በሚባል ሌላ ቋንቋ ነው። በሁለቱ መካከል ባይንዲንግ የሚባል ኮድ ቆሞ የዚህን ጥያቄ ለዚያ፣ የዚያን መልስ ለዚህ ያቀብላል። እኔ ኡም ጋርጉር ካምፕ በስደተኛውና በሹሙ መካከል ሳስተረጉም ነው የሸመገልኩት፤ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም።

“ታዲያ ምኑ ከፋህ?” አልኩት።

“እንግድነቱ ነዋ፣ ጋሼ! ወዲያ ማዶ ያለው ኮድ አንዱን መስኮት ያፈርሰዋል፤ የኔው ወገን ገና አለ ብሎ ይዞት ይቀራል። ከዚያ ሁሉም ድርግም! ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።”

የፈረሰን ነገር ገና አለ ብሎ መያዝ። አባቱ ትዝ አሉኝ፤ ራሴም እንደዚያው።

ሉጥፊ ላይብረሪውን ትቶ መስኮቱን ከመጀመሪያዋ መሥመር ጀምሮ በረስት እንደ አዲስ ጻፈው። ሁለት ዓመት ፈጀበት። ዘንድሮ ዝናቡ ሳይገባ ጨረሰና ታላቅ እህቱ ዋፋ በምትሠራበት መድኃኒት ቤት፣ በድሮው የመመዝገቢያ ፕሮግራሙ ቦታ ሊጭነው ሲሄድ እኔም አብሬው ሄድኩ።

“ዋፋ ከሠራችበት ይኖራል፤ ካልሠራችበት ግን የሚፈልገው ሰው የለም” አለኝ መንገድ ላይ።

መስኮቱ ያምራል። ዓረብኛውም አማርኛውም ጥርት ብሎ ይነበባል። ወረፋው ረዥም ነበር፤ ከካርቱም ጦርነት የሸሹት ሁሉ እዚህ ናቸው። ዋፋ የአንዲት እናት ስምና መድኃኒት ጻፈችና አዝራሩን ተጫነች። የጻፈችው ጠፋ። ደግማ ጻፈች። ደግሞ ጠፋ።

“ያ ሉጥፊ፣ ይሄ ፕሮግራም ነው ጂኒ?” አለች፣ እንደ አገሩ ሰው በ‘ያ’ ጠርታው። ወረፋው ሳቀ።

“‘ሰርዝ’ን እኮ ነው የምትጫኚው!”

“በ‘መዝግብ’ ቦታ ‘ሰርዝ’ን ማን አስቀመጠው? ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እኛ ከቀኝ ነው የምንጀምረው!”

ሉጥፊ ቀና ብሎ አየኝ። መስኮቱን ሲሠራ አባቱ ያስቆጠሩትን ፊደል አካሄድ ተከትሎ ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሮታል። ዋፋ ግን የተማረችው በዓረብኛ ነው፤ ዓይኗም እጇም የሚነሡት ከቀኝ ነው። ያ የባዕድ ላይብረሪ ቋንቋው ዓረብኛ ሲሆን መስኮቱን ሁሉ እንደ መስተዋት ያገላብጥላት ነበር። አንድ የማናውቀው ሰው፣ አንድ የማናውቀው አገር ተቀምጦ፣ የዋፋን እጅ አስቦላታል። ሉጥፊ ሳይለምን ያገኘው ነገር ስለሆነ መኖሩንም ልብ አላለውም።

“አዝራሯን ብቻ አታስተካክላትም?” አልኩት።

“እሷንስ አስተካክላለሁ። ዓረብኛና አማርኛ አንድ መሥመር ላይ ሲቀላቀሉስ? ዓይኑ ለደከመ ሰው ጽሑፉን በድምፅ ማንበቡስ? እነዚያ ስንት ሆነው ስንት ዓመት ያዩትን እኔ ብቻዬን መቼ አይቼ እጨርሰዋለሁ፣ ጋሼ?”

“ሰው ቆሟል” አለች ዋፋ፤ አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። “የድሮውን መልሰው፣ ያ አኹይ፣ ወንድሜ። ማሌሽ፣ አይክፋህ።”

መለሰው። የድሮው አልፎ አልፎ ድርግም ይላል፤ ዋፋ ትረግመውና እንደገና ትከፍተዋለች፤ ሥራው ይቀጥላል። እኔ በአስተርጓሚ የሚኖር ሰው የራሱን ድምፅ ያጣል ስል ነው የኖርኩት። አስተርጓሚው ሌሎች ቀድመው የለፉበትንም ይዞልን እንደሚመጣ አልቆጠርኩትም ነበር። ይህ ግን የሽማግሌ መጽናኛ ነው፤ ለሉጥፊ ብነግረው “ኩሉ ተማም፣ ሁሉ ደህና” ብሎ ወደ ስልኮቹ ዞረ።

ባለፈው ሳምንት ከአስር ሰላት በኋላ ጎራ ስል ያንን የራሱን መስኮት ከፍቶት አገኘሁት። ስም የለበት፣ መድኃኒት የለበት፣ ባዶ።

“ምን እየሠራህ ነው?”

“አዝራሯን ወደ ቀኝ እያዞርኳት።”

“ለማን?”

“ለማንም አይደለም” አለና የተሰበሩትን ስልኮች ከበርጩማው ላይ አንሥቶ መቀመጫ ለቀቀልኝ።