ሦስት ጊዜ የዘለልኩት ዱዓ

ከዐስር ሶላት በኋላ ነበር። እማማ ሐሊማ አንድ ካሴት በሻርፓቸው ጫፍ ጠቅልለው ወደ ክፍሌ ገቡ...

ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር። ያኔ ከተማው ከጦርነቱ ገና እየተነሣ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማል። እኔ አረብኛ አስተምራለሁ። እማማ ሐሊማ እንደኔው የወሎ ሰው፣ ጎረቤቴ ናቸው። አንድ ልጃቸው የመን፣ ኤደን ከተማ አግብቶ፣ ሴት ልጅ ወልዶ፣ እዚያው ሞቷል። ምራታቸውና የልጅ ልጃቸው ከአረብኛ ሌላ አያውቁም።

በዚያ ዓመት ሦስት ደብዳቤ መጥቶላቸዋል። ምራታቸው መጻፍ ስለማትችል የምታስጽፈው በደብዳቤ ጸሐፊ ነው። ሰውየው የጠራ የመጽሐፍ አረብኛ ይጽፋል፤ አንድ ግድፈት አይገኝበትም። እኔም ደስ እያለኝ ተርጉሜላቸዋለሁ። ሰላምታውንና መዝጊያውን ግን በአጭሩ ነበር የማልፈው። «ይኼ የደብዳቤ ወግ ነው እማማ፤ ዱዓ አድርጋለች» እላቸዋለሁ። መልሱንም በዚያው ወግ እጽፋለሁ።

«ኡስታዝ፣ ዛሬ ደግሞ የልጅ ልጄ ድምጿን ልካልኛለች። ድምጿን ሰምቼው አላውቅም» አሉኝ።

ቴፑን ከፈትኩ። ልጅቷ ተናገረች... ወደ ኋላ መለስኩት። ደግሜ ሰማሁ... ከአሥር ቃል ሁለቱን ብይዝ ነው። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ቋንቋ ነው፤ ይኼኛው ግን የኤደን ሰው የቤት ወሬ ነው።

«ምን አለች?»

«ትንሽ ይቆዩኝ» አልኩና ሩቂያን ልጠራ ወጣሁ።

ሩቂያ መንገድ ዳር ሳምቡሳ የምትጠብስ የአገራችን ልጅ ናት። ኤደን ሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። አንድ ፊደል አታነብም። አንድ ቀን አረብኛ ስታወራ ሰምቼ «ይኼ የማጀት አረብኛ ነው» ብዬ ሰው ፊት አርሜያት ነበር።

«የማጀቱ አረብኛ ተፈለገ ኡስታዝ?» አለችኝ እጇን እየጠረገች።

«ተፈለገ።»

መጥታ ሰማች። መጀመሪያ ሳቀች... ከዚያ እንደገና አስደገመችኝ።

«እንዲህ ነው የምትለው» አለች። «አያቴ፣ እማዬ ሦስት ጊዜ እንምጣ ወይ ብላ አስጽፋ ነበር። ሦስቴም ሰላምታ ብቻ ላክሽልን። ቤትሽ ጠባብ ከሆነ፣ እኔ ትንሽ ነኝ።»

እማማ ሐሊማ ወደ እኔ ዞሩ። «መቼ ጠየቀችኝ?»

ደብዳቤዎቹን አወጣሁ። እኔ ጋ ነው የሚቀመጡት፣ በየቀናቸው ተደርድረው። የሦስቱም መዝጊያ አንድ ነው፤ «አላህ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰብስበን።» ጸሐፊው ምራት አማቷን በቀጥታ መጠየቋ ድፍረት እንዳይመስል ብሎ ጥያቄዋን አሳምሮ ዱዓ አድርጎታል። እኔ ደግሞ ዱዓ ነው ብዬ ዘልዬዋለሁ። በሁለት አዋቂዎች መካከል አንዲት ሕፃን ዓመት ሙሉ ደጅ ቆማለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው እማማ» አልኩ።

«እኔ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ባሏ የሞተባትን የሰው ልጅ፣ አገርሽን ጥለሽ ነይ ማለት ነውር ነው ብዬ ነው አፌን የያዝኩት... ክፍሏንማ ካሠራሁ ቆየሁ።»

መልሱን በወረቀት አላደረግነውም። ካሴቱን ገልብጬ ለመቅዳት ሁለቱን ቁልፎች አብሬ ተጫንኩ። እማማ በአማርኛ ይናገራሉ፣ ሩቂያ በማጀቱ አረብኛ ትቀበላለች። የኔ ሥራ ዝም ማለት ብቻ ነበር።

መጡ። በመርከብ፣ በበርበራ በኩል። ልጅቷን በአረብኛ እንኳን ደህና መጣሽ ብላት አፏን ይዛ ሳቀች፤ ለሩቂያም በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ይኼ ሰውዬ ሬዲዮ ውስጥ ነው እንዴ የሚኖረው ነው የምትለው ኡስታዝ።»

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ደብዳቤ አንብብልን የሚለኝ ሰው ዛሬም አይጠፋም... ማንበብ የምጀምረው ከመዝጊያው ነው።