የእህቴ ክትፎ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ያሳፍረኛል። በዚያ ማፈሬ እህቴን ስለጎዳኋት ግን ልጻፈው ብያለሁ።

በስደት አገር፣ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን ሁለታችን እንኖር ነበር። ታላቄ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። የስደተኝነት ቃለ መጠይቋን ያለፈች ዕለት ክትፎ አማራት። ቤታችን ክትፎ ከሙዳ ሥጋ በቢላ ነበር የሚከተፈው። እኔ ሥጋ ሻጩን በስዋሂሊ ማናገር ፈራሁና ከሱፐርማርኬት የተፈጨ ሥጋ አንስቼ መጣሁ። አልነገርኳትም።

«ለብለብ ላድርገው?» አልኳት።

«ለብለብማ ለአንቺ ለፈሪዋ!» ብላ ሳቀችብኝ።

የእኔን ድርሻ አብስዬ በላሁ። እሷ ጥሬውን።

በሦስተኛው ቀን ሆዷን ቆረጣት፤ ተቅማጧ ደም ሆነ። በማግስቱ በማታቱ ታክሲ ክሊኒክ ወሰድኳት። ከቤተ ክርስቲያን አንድ ወንድም ሊያስተረጉምልን መጣ።

«ሐኪሙ፣ ተቅማጡ ደም አለው ወይ ይልሻል» አለኝ።

እህቴ አግዳሚው ላይ ተኝታ ታቃስታለች። ያንን ለወንድ፣ ያውም እሁድ እሁድ ከፊቴ ለሚቀመጥ ሰው መናገር አፈርኩ።

«የለውም» አልኩ።

ኪኒን ሰጥተው ወደ ቤት ሸኙን።

ከአራት ቀን በኋላ ንግግሯ ተዘባረቀ። ውሃ ፈልጋ «ቁልፉን ስጪኝ፣ ቁልፉን» ትለኛለች። ቁልፉን ባቀብላት ወደ አፏ አስጠግታ አለቀሰች። እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከዚያ መላ ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ። ጎረቤት ተሸክሞልን ትልቅ ሆስፒታል ገባን። ሥጋ ሲፈጭ ውስጡ ድረስ የሚሰራጭ ባክቴሪያ መርዝ ኩላሊቷንና አንጎሏን እንደጎዳባት ሐኪሟ ነገረችን። ደም እንደነበረው ቀድመን ብንናገር ያኔውኑ አስተኝተው ይከታተሏት እንደነበርም ተናገረች። ያ የቤተ ክርስቲያን ወንድም እዚያም መጥቶ ሲያስተረጉም ቆየና ዘወር ብሎ አየኝ።

ከመሞቷ በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለጥየቃ አስገቡኝ። ነቅታ ነበር። እጇን ያዝኩ።

«ሥጋውን የተፈጨ ነው የገዛሁት» አልኳት። «ደሙንም የደበቅኩት እኔ ነኝ። አፍሬ ነው።»

ትኩር ብላ አየችኝ። ስሜን ልትጠራ ከንፈሯን ሁለቴ አንቀሳቀሰች፤ አልመጣላትም። ከዚያ ድንገት የደነገጠች መሰለኝ፤ እጄን ጠበቅ አደረገችው።

«አንቺ አልበላሽም አይደል?»