ለጎረቤታችን ያነበብኩት ወረቀት

ሐኪም ያዘዘልኝን የዓይን ጠብታ ባደረግሁ ቁጥር ምሬቱ ጉሮሮዬ ድረስ ይወርዳል። ያን ጊዜ ዲላ ትመጣብኛለች፤ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የነበርኩባት ዲላ።

ጎረቤታችን ቆጮ ሻጭ ነበሩ። ጌዴኦ ናቸው፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ ስለማይለይ እኔን ልጅቷን «አንተ» ይሉኝ ነበር። እኛም የሰፈሩ ልጆች፣ እናታችን የሚሆኑትን ሴት ሳናፍር «አንቺ» እንላቸው ነበር። አንድ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛው ሲደበዝዝባቸው፣ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ከሚያስኬደው የፈረንጆች ክሊኒክ ሄደው ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ሲመለሱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ይዘው መጡ። አስተርጓሚው በችኮላ የነገራቸው አልገባቸውም ነበር።

«አንተ ተማሪ ነህ። አንብብልኝ» አሉኝ።

በሁለት ሳምንት ተመለሱ የሚለው ወዲያው ገባኝ። መካከል ላይ ግን «ኢምፖርታንት» የሚል ቃል አለ። በዚያው ሰሞን አገረ ገዢው ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኙ ሲሉ፣ መምህራችን «ኢምፖርታንት ሰው ይመጣል» ብሎን፣ እኔም ደብተሬ ላይ «የተከበረ» ብዬ ጽፌ ነበር። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና፣

«የተከበሩ ሴት ነዎት፤ በሁለት ሳምንት ቢመለሱ ደስ ይለናል ይላል» አልኩ።

«ደስ ይለናል» የሚል ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ለአክብሮቱ ይስማማል ብዬ ከራሴ የጨመርኩት ነው።

«እኔን? እኔን ነው የተከበሩ ያለ?» ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። በማግስቱ ገበያው ሁሉ ሰማ። «ግብዣ ከሆነማ ባዶ እጅ አይኬድም። መጀመሪያ ቡናው ይለቀም፤ ከዚያ ማር ይዤ እሄዳለሁ» አሉ። ለቃሚው ከየገጠሩ የሚጎርፍበት፣ ቆጮ እንደ ጉድ የሚሸጥበት፣ ከተማው በቡና ገለባ ኮምጣጣ ሽታ የሚታጠንበት ወቅት ነበር። ዓይናቸው ሲቀላና ሲያነባ አይ ነበር። ጭስ ነው ይላሉ፤ እኔም ጭስ ነው እላለሁ።

ወር አለፈ። አንድ ቀን መምህራችን፣ ከህንድ የመጣ ቀጭን ሰውዬ፣ ያንኑ ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ውሃ ለሰው ኢምፖርታንት ነው አለ። ቀጠለና፣ በሽተኛ ሐኪም ያለውን መፈጸሙ ኢምፖርታንት ነው አለ። አንዱ ልጅ «ካልፈጸመስ?» ብሎ ጠየቀው። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ፤ «ይሞታል» አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ቃሉ ለሰው ሲሆንና ለነገር ሲሆን ትርጉሙ የተለያየ ነው። ወረቀቱ የሚያከብር ሳይሆን የሚያስጠነቅቅ ነበር። ሳላስፈቅድ ወጥቼ ገበያ ድረስ ሮጥኩ። በጠራራ ፀሐይ ጎረቤታችን ፊት ለፊት ቆምኩ፤ በመካከላችን አንድ ክንድ አይሞላም።

«ማነው?» አሉኝ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ማልደን ተሳፈርን። ሐኪሙ ብዙ አላየም። ዓይኑ የተሰፋበት ክር በጊዜው መውጣት ነበረበት፣ አመርቅዟል፣ ዓይኑ አይመለስም አለ። እርሳቸው አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ሁሉን ነገርኳቸው፤ ቃሉን፣ ስህተቴን፣ ከራሴ የጨመርኩትን።  ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝ እወድ ነበር።

«እንግዲያ ያ ሐኪም የተከበሩ አላለኝም?» አሉ።

«አላለም።»

ዓይንሽ አለቀለት ሲባሉ ያላለቀሱት ሴት ያን ጊዜ አለቀሱ።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እጃቸውን ይዤ «በመስኮቱ በኩል ይቀመጡ» አልኳቸው። ከወረቀቱ ሳይሆን ከራሴ አፍ እርስዎ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«መስኮት ለእኔ ምን ያደርጋል? አንተ ተቀመጥ፤ የምናልፍበትን ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። የእንሰቱን ቅጠል ንፋስ እንደተለተለው፣ ቡና የተሸከመች አህያ መንገድ ዘግታ ሹፌሩ እንደሚሳደብ፣ ጪጩ መንደር ስንደርስ ዝናብ እንደጀመረ ነገርኳቸው። ዲላ እስክንገባ አላቋረጥኩም። ያላየሁትን አንዲትም ነገር አልጨመርኩም።